እጁ የሚያውቀው ኪስ

«እጅሽን ከዚያ አንሺ» አላት ዋርሳዋ።

ሸራ ሰፊዋ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ዋርሳዋ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከተጋቡ ጀምሮ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ዛሬ ግን፣ ገና ሰማዩ ሳይገላለጥ፣ ከክፍሉ ወለል ላይ ተንበርክኮ የአደን ቦርሳውን ሲያሰናዳ፣ እሷም ሥራ ላፋጥን ብላ የግንባር መብራቱን ባገኘችው ኪስ ልትከተው ስትል ፊቱ ልውጥ አለ።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ? ላግዝዎት ብዬ ነው እኮ።»

«አታግዢኝ። የአዳኝን ቦርሳ ከባለቤቱ በቀር ሰው አይነካውም። ነይ ላሳይሽ።»

ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣለና ዓይኑን ጨፈነ። ያረጀ ቦርሳ ነው፤ ሸራው በደምና በጭስ ጠቁሯል፣ ጥጋጥጉ ተበልቷል፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ቀኝ እጁ ወደ ኋላ ሄደና ቢላውን ይዞ መጣ። መለሰው። ወደ ታች ወረደና በሰም የታሸገውን የክብሪት ቆርቆሮ አወጣ። ወደ ግራ ማንገቻው ሄደ፤ ፊሽካው። እንደገና ወደ ቀኝ ጎን፤ ደም ማቆሚያዋ ማሰሪያ፣ ያቺ በእንጨት እየጠመዘዙ የሚያጠብቋት። ዓይኑን አልገለጠም። አንድ ጊዜም አልተሳሳተም።

«ከርከሮ ሲመጣብሽ ዕቃ አትበረብሪም» አለ። «እጅሽ ራሱ ሄዶ ያመጣልሻል። ለእኔም ለባልሽም ያሳየን አባታችን ነው። ሌላው ቢቀር ማሰሪያዋ ከቀኝ የውጭ ኪስ ንቅንቅ አትልም። ደም እንደ ቧንቧ ሲወርድ ማሰቢያ ጊዜ የለማ። የእሱን ቦርሳ ብታቀብዪኝ እኮ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራበታለሁ።»

ሰፊዋ መብራቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ባሏ ይዞት የሄደው ቦርሳ ያ ቦርሳ አይደለም።

ሴትዮዋ ከገበያው ዳር የሸራ ስፌት ቤት አላት። የጭነት መኪና ሸራ፣ የድንኳን በር፣ የተማሪ ቦርሳ፣ የተበጠሰ ማንገቻ፣ የመጣላትን ሁሉ ትሰፋለች። ስፌቷ አይፈታም። ቃሏም እንደዚያው ነው። አንዴ ካለች አለች ነው፤ ለዚህም የገበያው ሰው ከጀርባዋ «ወይ ፍንክች» ይላታል። ታውቃለች። ደስም ይላት ነበር።

የባሏ አሮጌ ቦርሳ ከበሩ ኋላ ከምስማር ላይ ተሰቅሎ ቤቱን በጠረኑ ሲፈጀው ስንት ዓመት ታገሠች። በመጨረሻ ሌላ ሰፋችለት። ውሃ ከማያሳልፍ ሸራ፣ ስፌቱ ድርብ፣ ማንገቻው ትከሻ እንዳይቆርጥ ስፖንጅ የገባበት፣ ከውስጥ በቁልፍ የሚዘጋ ኪስ ያለው። እሱ ከቤት በወጣበት ሰዓት የአሮጌውን ዕቃ ገለበጠችና በራሷ መላ ደለደለችው። ለሕክምና የሚሆነው ሁሉ እንዳይረጥብ ከውስጥ፣ ባለ ቁልፉ ኪስ። ጨውና የጠመንጃ ዘይቱ በቀኝ የውጭ ኪስ። ፊሽካው ከመርፌና ክሩ ጋር። አሮጌውን ጓሮ ወስዳ አቃጠለችው።

ባሏ ሲመጣ አዲሱን ቦርሳ ከምስማሩ አወረደና ትከሻው ላይ አደረገው። ቀኝ እጁን ወደ ጎኑ ሰደደ፤ የጨው ከረጢት ይዞ ወጣ። ከረጢቱን አገላብጦ አየና መለሰው።

«አሮጌውስ?»

«አቃጠልኩት። አይሸትህም እንዴ አንተ?»

«ቆንጆ አድርገሽ ነው የሠራሽው» አለ። ማንገቻውን እያስተካከለም፣ «እንዲያው ማሰሪያዋን ብቻ ወደ ውጭ ባወጣት…»

«ትረጥብብሃለች። የቦርሳ ባለሙያ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«እሺ» አለ።

እሱ ሁልጊዜ እሺ ነው። ግድግዳው ቢጫ ይቀባ ስትል እሺ። አልጋው ወደ መስኮቱ ይዙር ስትል እሺ። ሰፊዋ ያን ሁሉ ዘመን ሰውዬው የተስማማ ይመስላት ነበር።

ከወንዙ ማዶ ያሉ ገበሬዎች በቆሏቸውን ከርከሮ ሲጨርስባቸው ፈቃድ ያለው አዳኝ ነው ብለው ጠሩት። ከገበያ ቀን በፊት እመለሳለሁ አለ፤ ገበያው ቆሞ ተበተነ፣ እሱ የለም። ገበሬዎቹ ሲጠየቁ ወደ ደኑ ሲገባ ነው ያየነው አሉ። የደን ጥበቃ ቢሮው መኪናችን ከጥገና እስኪወጣ ጠብቁ አለ። እሷ ግን ሱቋን ቆልፋ ዋርሳዋ ዘንድ መጣች።

«አንቺ ደግሞ የት ትሄጃለሽ?» ብሏት ነበር። «ጫካ እኮ ነው፣ ገበያ አይደለም።»

«ከፊትዎ ልሂድ ከኋላዎ እሱን ይምረጡ። መሄዴስ አይቀርም።»

ከእሷ ጋር ክርክር ጉልበት መጨረስ እንደሆነ ስለሚያውቅ ራሱን ነቅንቆ ተወ። አሁን ግን ያ ሁሉ ኩራት ከየት ይምጣላት። ቦርሳውን አንግቦ ሲወጣ ተከተለችው። የሠራችውን ልትነግረው ብላ ስለ መንገዱ ጠየቀችው።

መንገዱ የመጨረሻውን እርሻ አልፎ ሽቅብ ይይዛል። መጀመሪያ ድንጋያማ ነው፣ ከዚያ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ረጃጅም ዛፎች ሥር ጨለም ያለ እርጥብ መሬት። ዋርሳዋ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሽቅብ በወጣ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ቢሆንም አይቆምም። በየጊዜው ከደረት ኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ ደቃቅ አመድ በአየር ላይ ይለቃል፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ያያል። አንገቱ ላይ የናስ የሩቅ ማያ መነጽር ተንጠልጥሏል። ልጁ ከሩቅ አገር የላከለት አቅጣጫ ነጋሪ መሣሪያም አለው። ይወደዋል፤ አያምነውም።

«ምን ይላል?» አለችው።

«ሳተላይት እየፈለግሁ ነው ይላል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ልጄ ከላከው ጀምሮ።»

ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጠችው፤ የሚሳቅበት ሰዓት መሆኑን ተጠራጠረች።

የተራራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ከላያቸው ተደፋ። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፤ ቅጠሉን ከዛፉ ገፎ ፊታቸው ላይ በተነው። ቀጥሎ በረዶ፣ እንደ ጠጠር እየተወረወረ። መሸሸጊያ አልነበረም። ዋርሳዋ ሸራውን ከቦርሳው መዘዘ፣ ገመዱን መዘዘ፣ አንዱን ጫፍ ከዛፍ ሥር ጋር አሰረ፤ ሌላውን ነፋሱ ከእጁ ነጠቀው። ሰፊዋ ዘላ ያዘችው። በሆዷ ተኛችበት። ሸራው እየተነሳ እየወደቀ ይደበድባት ጀመር፤ አለቀቀችም። በረዶው ጀርባዋን ሲቀጠቅጣት እሷ የምታስበው አንድ ነገር ነው፤ እሱስ የት ሆኖ አሳለፈው?

ወንዙ ጋ ሲደርሱ መሻገሪያ ድንጋዮቹ የሉም። ቡናማ ውሃ ነው፣ ግንድ እየገፋ፣ እያጉረመረመ የሚወርድ።

«ጎደል እስኪል ብንጠብቅ» አለ ዋርሳዋ።

«እርስዎ ይጠብቁ።»

ፊቷን አየና ገመዱን ወገቧ ላይ ጠመጠመላት። «ቋጠሮ ታውቂያለሽ?»

«ገመድ ማለት የወፈረ ክር ነው ጋሼ።»

ገባች። ብርዱ አጥንቷን ዘልቆ ገባ። ውሃው ከጉልበቷ ወደ ጭኗ፣ ከጭኗ ወደ ደረቷ ወጣ፤ እግሯ ሥር ያለው ጠጠር ይሸሻል። አንድ ግንድ አጠገቧ ተፈትልኮ አለፈ። በጥፍሯ ማዶውን ቧጥጣ ወጣች፤ ገመዱን ከዛፍ ጋር ቋጠረችው። ዋርሳዋ ጠመንጃውን ከራሱ በላይ ይዞ ተከተለ። መሐል ላይ ያ የታመመ ጉልበቱ ከዳው። ራሱ ጠፋ። ገመዱ ተወጠረ። ሰፊዋ ተረከዟን ድንጋይ ላይ ተክላ ሳበች፤ መዳፏ ሲላጥ ይሰማታል፣ ሳበች። በመጨረሻ ሰውዬው ውሃ እየተፋ ዳር ላይ ተንጋለለ። የስንቁ ከረጢት ሄዷል። ያ መሣሪያም አብሮ ሄዷል።

«እንግዲህ» አለ ዋርሳዋ ትንፋሹ ሲመለስ፣ «ሳተላይቱን አሁን ያገኘዋል።»

በማግስቱ ረግረጉ ውስጥ ገቡ። ቄጠማው ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጭቃው ላይ ከርከሮ የተንከባለለበት ጉድጓድ ገና ውሃው አልጠራም። ዋርሳዋ ጠርሙሱን አወጣ። አመዱ ወደ ፊታቸው ሄደ፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ዞረ።

«አልወደድኩትም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሽታችንን ወሰደው።»

ቃሉን ሳይጨርስ ቄጠማው ተሰነጠቀ። ጥቁር፣ ጋማው የቆመ፣ ጥርሱ ከአፉ ወጥቶ የተጠማዘዘ ወንድ ከርከሮ ነው። ዋርሳዋ ተኮሰ። ጥይቱ ትከሻውን ፍቆት ብቻ አለፈ። አውሬው ታጠፈና ወደ ሰፊዋ ዞረ። ልትሮጥ ብትል እግሯን ጭቃው ያዘው። ያኔ ያየችው ከርከሮውን አይደለም። ያየችው የዋርሳዋን እጅ ነው። ዓይኑ አውሬው ላይ ተተክሎ ሳለ እጁ ብቻውን ወደ ወገቡ ሄደ፣ ጥይት አነሳ፣ አጎረሰ፣ ዘጋ። ለመፈለግ አልቆመም፤ አልተደናገረም። ጠመንጃው ጮኸ። ከርከሮው ጫማዋ አጠገብ ወድቆ ጭቃውን እየረገጠ ጸጥ አለ።

ሰፊዋ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

«ቆስለሻል?»

«ጋሼ፣ የእሱን ቦርሳ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

ሁሉንም ነገረችው። ድርብ ስፌቱን፣ ባለ ቁልፉን ኪስ፣ ጨውን። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፤ እንዲጮህባትም ፈለገች። እሱ ግን የጠመንጃውን ጭቃ በእጅጌው ጠረገ።

«እሺ አለሽ?» አላት።

«እሺ አለኝ።»

«እሺ ማለት በሽታው ነው። አባታችን ሲሞት ይቺን ጠመንጃ እኔ ልውሰዳት አልኩት። እሺ አለ። የሚወዳት እሱ እንደነበር የገባኝ ሌላ ከገዛ በኋላ፣ እኔ ቤት መጥቶ ስሟን እየጠራ ሲወለውላት ነው።» አፈሙዙን ዳሰሰው። «አልመለስኩለትም እኮ። ይኸው እስከ ዛሬ ይዣት እዞራለሁ።»

ተነስተው ጉዟቸውን ቀጠሉ።

ጭሱን ቀድማ ያሸተተችው እሷ ናት። ከረግረጉ ወጥተው ወደ አንድ ገደል ሲጠጉ፣ ከዛፎቹ መሐል የሁለት ሰዎች ሰፈር ታየ። የሽቦ ወጥመድ ቅርንጫፍ ላይ ተደርድሯል፤ ጨው የተነሰነሰባቸው ቆዳዎች በእንጨት ተወጥረዋል። ፈቃድ የሌላቸው ወጥመደኞች ናቸው፤ ከአዳኞች ጋር ዓይንና ናጫ። አንደኛው ጺማም ነው፣ ጠመንጃው ጭኑ ላይ ተጋድሟል። ሁለተኛው ቀጭን ነው፣ ትከሻው ላይ ቦርሳ አለ።

ሰፊዋ ስፌቷን ከሩቅ ለየችው። ዋርሳዋ ክንዷን ሊይዝ ቢሞክር አመለጠችው።

«ያንን ቦርሳ አውርድ» አለችው ቀጭኑን።

ጺማሙ ጠመንጃውን አነሳ። «ከየት የመጣሽ ነሽ አንቺ ሴትዮ?»

«ከስፌት ቤቴ። ቦርሳው የእጄ ሥራ ነው። ማንገቻውን ገልብጠህ እየው፤ ክሩ ቀይ ነው። አልቆብኝ ጫፉን በጥቁር ጨርሼዋለሁ።»

ቀጭኑ ማንገቻውን ገለበጠ።

«ቀይ ነው» አለ ለጓደኛው።

«ዝም በል አንተ።»

«ጫፉም ጥቁር ነው።»

«ዝም በል አልኩህ።»

«መታኮስ ከሆነ እኔም አለሁ» አለ ዋርሳዋ ከዛፍ ተከልሎ። «ግን ሁላችንም የጎረምሳ ዕድሜ ላይ አይደለንም። ብንነጋገር ይሻላል።»

«እኛ ሰው አልነካንም» አለ ጺማሙ። «የወደቀ ዕቃ አገኘን፣ አነሳን። እናንተ አዳኞች ደግሞ የምታሳብቡት አታጡም። ወደ ኋላ በይ አንቺ።»

ወደ ኋላ አላለችም። አፈሙዙ ደረቷን ሊነካ እስኪል ሄደች፤ በጎኑ አልፋ ቦርሳውን ከቀጭኑ ትከሻ ላይ ራሷ አወረደችው። ጺማሙ አልተኮሰም። እንዲህ ዓይነት ሴት ምን እንደምትደረግ የሚያውቅ አይመስልም።

የቀኙን የውጭ ኪስ ከፈተች። ደም ነው። የኪሱ አፍ፣ ውስጡ፣ የጨው ከረጢቱ፣ ሁሉም ላይ ደም ደርቋል። ጣት ገብቶ ወጥቷል፤ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ገብቶ ወጥቷል። የዘይቱ ጠርሙስ ላይ አውራ ጣት ታትሟል። ከዚያ የውስጡን ኪስ ዳበሰች። እንደተቆለፈ ነው። ፈታችው። ማሰሪያዋ እሷ እንደጠቀለለቻት ተቀምጣለች፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ደረቅ። ጠብታ ውሃ አልነካትም።

ኪሱን መልሳ ዘጋችው። አላለቀሰችም።

«የት ነው ያገኛችሁት?»

«ከገደሉ ሥር፣ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቅሎ» አለ ቀጭኑ። «የወረወሩት ነው የሚመስለው። ደምም ነበር። ወደ ምንጩ የሚወርድ።»

«ተከተላችሁት?»

ቀጭኑ ጫማውን አየ። ጺማሙ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰውዬውን ብናገኝ እናንተስ እነማን ናችሁ መባላችን አይቀርም» አለ። «ይሄን ሁሉ ሽቦ ምን ልንል ነው?»

ሰፊዋ ቦርሳውን አነገተች። «አንዳችሁ ትመጣላችሁ» አለች። «ወንድሙ ጉልበቱን ያመዋል። ሰው የሚሸከም ያስፈልገኛል።»

«ማን አዛዥ አደረገሽ?»

ቀጭኑ ተነስቶ ነበር።

«ተቀመጥ» አለው ጺማሙ።

«አልቀመጥም። ቦርሳውን ከያዝን ጀምሮ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።» እያየው ጃኬቱን ቆለፈ። «አንተ ደግሞ ታንኮራፋለህ።»

በገደሉ ሥር ለሥር ሄዱ። ቀጭኑ ከፊት፣ ዋርሳዋ እያነከሰ ከኋላ። ምንጩ ጋ ሲቃረቡ ዋርሳዋ እጁን አነሳ። ሁሉም ቆሙ። ድንጋይ በድንጋይ ይመታል፤ በቀስታ፣ እያረፈ፣ ሊያቆም ምንም ያልቀረው ዓይነት። ፊሽካው ከመርፌና ክሩ ጋር ቦርሳው ውስጥ ነው። ሰፊዋ ሮጠች።

ምንጩ ጋ ሳይደርስ፣ ከዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። የሸሚዙን እጅጌ ቀዶ በግራ ጉልበቱ ሥር በእንጨት ጠምዝዞ አስሮታል፤ ዘግይቶ፣ ባልሆነ ጨርቅ። ከዚያ በታች ያለው እግር አብጦ ጠቁሯል። ሽታው ከአሮጌው ቦርሳ ሽታ የተለየ ነበር።

«መጣሽ?» አለ። «ሱቁን ማን ያዘው?»

«ተዘግቷል።»

«ደንበኛ ይሄድብሻል።»

ኮዳውን አፉ ላይ አስጠጋችለት። ጠጣ፣ ትን አለው፣ እንደገና ጠጣ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ቦርሳሽ ግን ጎበዝ ነው። ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ውስጡ ጠብ አላለም።»

«አትዋሸኝ» አለችው። «ኪሱን አይቼዋለሁ።»

ድንጋዩን ከእጁ ለቀቀው።

«እጄ ነው» አለ። «እኔማ ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ። ከርከሮው ወግቶኝ ስወድቅ ደሙ ፈነዳ፤ እጄ ቀኝ ኪስ ገባ። ጨው። ውስጥ ናት እለዋለሁ፣ አይሰማኝም፤ ተመልሶ እዚያው ይገባል። ጨው። ጭንቅላቴ እየዞረ ነበር። ከዚያ ተናደድኩና አውልቄ ወረወርኩት። አንቺን የወረወርኩ መሰለኝ። ወዲያው ቆጨኝ፤ ልመልሰው ብል መቆም አቃተኝ።»

«ለምን ያኔውኑ እምቢ አላልከኝም?»

«ብልሽ ትሰሚኝ ነበር?»

አዎን ልትል አሰበች። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልሰማህም ነበር» አለች።

ዋርሳዋ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ቆሟል። ያቺን ጠርሙስ አውጥቶ አመድ በአየር ላይ ይለቃል፤ የሚታደን ነገር እንደሌለ እያወቀ፣ ነፋሱን የሚያይ መስሎ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሸራውን በሁለት ወፍራም እንጨት መሐል ወጥራ ሰፋችው። የቃሬዛው ስፌት ድርብ ነበር፤ ሌላ ስፌት አታውቅም። ቀጭኑ በእግሩ በኩል፣ እሷ በራሱ በኩል ያዙ። ወደ ገበሬዎቹ በኩል የሚወርደው መንገድ ዳገትና ወንዝ የለውም፤ ግን ረጅም ነው፣ እሾህ ነው፣ የሚያዳልጥ ነው። የተላጠው መዳፏ እንጨቱ ላይ ተጣበቀ። ቆም ብለው ሲያርፉ ከእንጨቱ ለማላቀቅ መንጨት ነበረባት። ባሏ አልፎ አልፎ ይቃዣል፤ ጨው ይላል። ያን ቃል በሰማች ቁጥር ርምጃዋን ታፋጥናለች። ዋርሳዋ ያቺን ጠመንጃ እንደ ምርኩዝ ተደግፎ ከኋላ ይጎተታል። «ስትድን ያንተ ናት» ይለዋል ለወንድሙ፣ ይስማው አይስማው ሳይጨነቅ። «ስማኝ እንጂ። ያንተ ናት ነው የምልህ።»

የገበሬዎቹ መንደር ያለው ሆስፒታል ትንሽ ነው፤ የቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩ ጠባብ አግዳሚ ወንበሮች፣ የአልኮልና የእርጥብ ወለል ሽታ። ቃሬዛውን ሲያወርዱ ቀጭኑ ወጥመደኛ አብሯቸው ነበር። ዞር ሲሉ የለም። ስሙን እንኳ አልጠየቁትም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እግሩን ገልጣ አየች፣ ጣቷን ቆዳው ላይ ተጫነች፣ ሸፈነችው።

«ከጉልበት በታች ያለው ሞቷል» አለች። «አሁን ካልተቆረጠ ወደ ላይ ይወጣል።»

«አይቆረጥም» አለች ሰፊዋ። ሳታስበው ነው ያመለጣት። «መኪና እፈልጋለሁ፣ ከተማ እወስደዋለሁ። የሰው እግር እንዲህ እንደ ቁራጭ ጨርቅ…»

«መንገድ ላይ ይሞትብሻል እናቴ።»

«አይሞትም። እኔ አውቀዋለሁ ይሄን ሰው።»

«አይሆንም» አለ አንድ ድምፅ።

ዞሩ። ባሏ ነው። ዓይኑ ተከፍቷል፤ ከትኩሳቱ ውስጥ እየታገለ የወጣ ዓይን። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«እግሩ የእኔ ነው። ይቆረጥ።»

ሰፊዋ አፏን ከፈተች። የምትለው ብዙ ነበር፤ ልማዷ ነውና ሁሉም ተደርድሮ መጥቶላት ነበር። አፏን መልሳ ገጠመችው። ያንን ቃል ከበሩ ኋላ፣ ከምስማሩ ሥር ቆሞ ቢናገረው ኖሮ፤ ወይ ደግሞ ያን ዕለት የጀመረውን ዓረፍተ ነገር እስኪጨርስ ብትጠብቀው ኖሮ፣ ዛሬ በሁለት እግሩ ቤቱ ይገባ ነበር። ለማሰሪያዋ አንድ ቃል ነበር የቀረው። እሷ ነች ያቋረጠችው።

ሐኪሟ ጓንቷን መልበስ ጀመረች። ነርሱ ጋሪውን ገፋ።

«ልውጣ?» አለችው ባሏን። «ወይስ እስኪያስተኙህ ልቆይ?»

ቶሎ አልመለሰም። እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም፤ ማሰብ ነበረበት። እሷም በእሱ ፈንታ አልመለሰችም። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ መጣ፣ ጠነከረ፣ አባራ። ዝም ብላ ጠበቀች።

«ቆዪ» አለ።

ወንበር ሳበች፤ ግን አልተቀመጠችም። በየትኛው ጎኑ ብትሆን እንደሚሻለው ጠየቀችው።